«በምን ፊቴ?»፦ በእግዚአብሔር ፊት የመቆም ድፍረት ከየት ይመጣል

አንድ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ኮፍያውን ያወልቃል። ያማትባል። የበሩን ዓምድ ተሳልሞ መንገዱን ይቀጥላል። ወደ ግቢው ግን አይገባም። እንዲህ ሲያደርግ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን «ለምንድነው የማትገባው?» ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «በምን ፊቴ?» አለኝ።

ይህቺን ቃል ከብዙ ሰው ሰምቻታለሁ። «በምን አፌ እጸልያለሁ?» የሚሉ አሉ። «አንተ ጸልይልኝ፣ የእኔን አይሰማም» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች እምነት የላቸውም ማለት አይቻልም። እግዚአብሔር መኖሩን አይጠራጠሩም። ለሌላው ሰው መሐሪ መሆኑንም ይመሰክራሉ። የሚጠራጠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነሱን ማየት ይፈልግ እንደሆነ።

እኔም እዚያ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ አልጽፈውም።

ቃሉ ራሱ ይከብደናል

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ችግር የሚሰጠው መልስ «ድፍረት» በሚል ቃል ተተርጉሟል። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይህ ቃል ጆሮ ይቆረቁራል። በቤታችን «ደፋር» ስድብ ነው። ትልቅ ሰው ፊት ቃል የመለሰ ልጅ ደፋር ይባላል። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ስንል ማመስገናችን አይደለም። እጅግ አስከፊውን በደል የምንጠራበት ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ ያደገ ሰው «እግዚአብሔር ፊት በድፍረት ቅረብ» ሲባል ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም።

አዲስ ኪዳን የተጻፈበት የግሪክ ቃል ግን ሌላ ጣዕም አለው። ቃሉ «ፓሬሲያ» ነው። «ሁሉ» እና «ንግግር» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ሁሉን መናገር፣ ምንም ሳይደብቁ መናገር ማለት ነው። በጥንቷ አቴና አንድ ነጻ ዜጋ በጉባኤ ተነስቶ የልቡን የመናገር መብት ነበረው። ያ መብት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ባሪያ ግን አልነበረውም። ባሪያ ጌታው ፊት ቃሉን እየመረጠ፣ ፊት እያየ ነው የሚናገረው።

የእኛም ተርጓሚዎች ይህን ቃል በአንድ አማርኛ ብቻ አልያዙትም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ዕብራውያን 10፥19 ላይ «ድፍረት ስላለን» ይላል። እዚያው መልእክት ምዕራፍ 4፥16 ላይ ያንኑ የግሪክ ቃል «ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» ብለውታል። በዮሐንስ 16፥29 ደቀ መዛሙርቱ ጌታን «እነሆ፥ አሁን በግልጥ ትናገራለህ» ሲሉትም ቃሉ ያው ነው። ድፍረት፣ እምነት፣ ግልጥነት። ሦስቱን አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው ነገሩ ብልጭ ይላል። ማፍጠጥ አይደለም። ድምፅን ከፍ ማድረግም አይደለም። አባቱን የሚያምን ልጅ፣ ጥፋቱን ሳይቀር፣ የልቡን ዘርግፎ ሲናገር ያለው ሁኔታ ነው።

ደጅ ጥናትና የወርቁ ዘንግ

ሌላም የሚከብደን ነገር አለ። ስለ ጌታና ስለ ንጉሥ ያለን ሥዕል ከደጅ ጥናት የመጣ ነው። አባቶቻችን ሹመት ሲፈልጉ፣ ርስት ሲወሰድባቸው፣ በትልቅ ሰው ደጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይመላለሱ ነበር። እጅ መንሻ ይዘው፣ አማላጅ ፈልገው፣ የጌትዬውን ፊት እያዩ። ዛሬም ቢሮ ስንሄድ «ሰው አለህ?» እንባባላለን። ይህን ልማድ ይዘን ስንጸልይ ሳናውቀው ከእግዚአብሔርም ጋር ደጅ እንጠናለን። ዛሬ ጾሜያለሁ፣ ዛሬ ይሰማኝ ይሆናል። ትናንት ጠጥቻለሁ፣ ዛሬ ባልቀርብ ይሻላል።

በመጽሐፈ አስቴር ያለው ቤተ መንግሥት ልክ እንደዚህ ነው። ሳይጠራ ወደ ንጉሡ ውስጠኛ አደባባይ የገባ ሰው ሕጉ አንድ ነው፤ ይሞታል። የሚተርፈው ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ከዘረጋለት ብቻ ነው። አስቴር ሚስቱ ናት። እሷም ብትሆን ከተጠራች 30 ቀን ሆኗታል። «ብጠፋም እጠፋለሁ» ብላ ገባች። ይህ ጀግንነት ነው። ግን ፓሬሲያ አይደለም። አስቴር ስትገባ ንጉሡ በምን ስሜት እንዳለ አታውቅም።

ብዙዎቻችን የምንጸልየው እንደ አስቴር ነው። ዛሬ ዘንጉ ይዘረጋ ይሆን? እያልን።

መጋረጃው

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ለዚህ ፍርሃት መልስ ሲሰጥ «አይዞህ፣ አትፍራ» ብሎ ብቻ አያልፍም። አንባቢውን ወደ ድንኳኑና ወደ መቅደሱ ሥርዓት ይዞት ይገባል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው አንድ ሰው ነበር፤ ሊቀ ካህናቱ። የሚገባውም በዓመት አንድ ቀን፣ በሰባተኛው ወር በአስረኛው ቀን ነው። ገላውን ይታጠባል። የበፍታ ልብስ ይለብሳል። ስለ ሕዝቡ ከማቅረቡ በፊት ስለ ራሱ ኃጢአት ወይፈን ያርዳል። ዕጣን ይዞ ይገባል፤ የዕጣኑ ጢስ የስርየት መክደኛውን ይሸፍነዋል፤ እንዳይሞት። በእኛ አገር ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በሦስት በተከፈለ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መጋረጃ ሲዘጋ ምን እንደሚሰማ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የቅዱሱ ነው። እኔ እዚህ ነኝ።

እንግዲህ ወንጌላዊው ማቴዎስ ኢየሱስ በመስቀል ላይ ነፍሱን በሰጠ ጊዜ የቤተ መቅደሱ መጋረጃ «ከላይ እስከ ታች» ተቀደደ ይለናል። ከላይ ነው የተጀመረው። ሰው ከታች ሆኖ አልቀደደውም። የዕብራውያን ጸሐፊም ድፍረት አለን ሲል ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ «በኢየሱስ ደም» ይላል። የአንተን የሳምንት ውሎ አይጠቅስም። የጾምከውን ቀን አይቆጥርም። በክርስትና ትምህርት የመግቢያው መብት የተገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ ያገኘውም ሌላ ነው። ስለዚህ «በምን ፊቴ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «በእሱ ፊት» የሚል ነው። በራስህ ፊት አትቀርብም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «ወደ ጸጋው ዙፋን እንቅረብ» ከሚለው ሦስት ቁጥር ቀደም ብሎ፣ በ4፥13፣ በጣም የሚያስፈራ ቃል አለ። በእግዚአብሔር ዓይኖች ፊት «ሁሉ ነገር የተራቆተና የተገለጠ ነው» ይላል። የተሰወረ ፍጥረት የለም። ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ «ስለዚህ እንሽሽ» የሚል ቢጠብቅ አይገርምም። አዳም እኮ ያደረገው ያንን ነው። ራቁቱን መሆኑን ሲያውቅ ፈርቶ ዛፍ ውስጥ ተሸሸገ። የመጀመሪያው «በምን ፊቴ?» የተባለው እዚያ ገነት ውስጥ ይመስለኛል። የዕብራውያን ጸሐፊ ግን ተቃራኒውን ይላል። ሁሉ ነገር ተገልጧል፤ እንግዲህ እንቅረብ። በመካከል ያስቀመጠው ሊቀ ካህናቱን ነው፤ «በድካማችን ሊራራልን የማይችል ሊቀ ካህናት የለንም»። እንደ እኛ የተፈተነ ነው፤ ኃጢአት ግን የለበትም።

አስቡት። ሰው ፊት የምንሸማቀቀው የምንደብቀው ስላለ ነው። ቢያውቁብኝስ እያልን ነው። እግዚአብሔር ፊት የሚያውቅብን አዲስ ነገር የለም። ሁሉን አውቆ ነው ና ያለው።

ጸሎቱ የሚጀምረው ከየት ነው?

ጓደኛዬ «መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እጸልያለሁ» ይል ነበር። ይህ ትሕትና ይመስላል። ጌታ ያስተማረን ጸሎት ግን በዚህ ቅደም ተከተል አልተሠራም። ከሕፃንነታችን ስለምናውቀው አስተውለነው አናውቅም። «አባታችን ሆይ» ይጀምራል። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ስለ ዕለት እንጀራው ከለመንን በኋላ። ይቅርታ ከመጠየቃችን በፊት አባት ብለን እንድንጠራ ተፈቅዶልናል። ልጅነት መጀመሪያ፣ መታጠብ ቀጥሎ። ቆሻሻ ልጅ እናቱ ታጥበዋለች እንጂ ታጥቦ እስኪመጣ በር ላይ አታቆመውም።

በጠፋው ልጅ ታሪክም ያው ነው። ልጁ ከአሳማዎቹ መካከል ሆኖ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። የንግግሩ መጨረሻ «ከሞያተኞችህ (ከቅጥር ሠራተኞችህ) እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው። ደጅ ጥናት ሊገባ ነው በአጭሩ። አባቱ ግን ገና ሩቅ ሳለ አየው፣ ሮጦ አንገቱን አቀፈው። ሉቃስ ምዕራፍ 15ን በደንብ አንብቡት። ልጁ መናገር ይጀምራል፣ «ልጅህ ልባል አይገባኝም» ላይ ይደርሳል፣ ያቺን የሞያተኛ ዓረፍተ ነገር ግን ሳይናገራት ይቀራል። አባቱ ልብስና ቀለበት እያዘዘ ነው።

ጌታ በሌላ ምሳሌ ለነገረን ቀራጭ፣ ለግብር ሰብሳቢው፣ ብዙ ቃል አላስፈለገውም። «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ።» በአማርኛ አምስት ቃል ነው። በሩቅ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳያነሳ የጸለየው ነው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው እሱ ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ ጾሙንና አሥራቱን የቆጠረው ፈሪሳዊ ግን አልጸደቀም። ከውጭ ሲታዩ ደፋር የሚመስለው ፈሪሳዊው ነው። እውነቱን ዘርግፎ የተናገረው ግን ቀራጩ ነው። በግሪኩ ቃል ትርጉም ካየነው ፓሬሲያ ያለው ቀራጩ ነው እላለሁ።

ልብ ሲፈርድ

«ይህ ሁሉ ጥሩ፤ ግን ልቤ ይከሰኛል» የሚል ሰው አለ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስም አላለፈውም። በአንደኛ መልእክቱ 3፥20 ላይ «እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነውና፥ ሁሉንም ያውቃል» ይላል። ልብህ ዳኛ ነው፤ ግን የመጨረሻው ችሎት አይደለም። ይግባኝ አለ።

በእኔ አስተያየት የልብ ክስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አድራሻ አለው። የእህትህን ድርሻ ወስደሃል። በሐሰት መስክረሃል። ሚስትህን ታዋርዳለህ። እንዲህ ላለው ክስ መድኃኒቱ «እግዚአብሔር ይወደኛል» እያሉ ማባበል አይደለም። ሄዶ ማስተካከል ነው። ጌታ ወንድምህ በአንተ ላይ ነገር እንዳለው ካሰብህ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ጴጥሮስ ደግሞ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ካዘዘ በኋላ ምክንያቱን ሲናገር ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ይላል። ይህን ቃል ብዙ ወንዶች ሲሰብኩት አልሰማሁም። ቤቱ ውስጥ የሚያስለቅስ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ድፍረት ቢያጣ፣ ያ ማጣት ራሱ ጸጋ ነው። የሚከሰው ልቡ ገና አልሞተም። ንስሐ አባት ያለው ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሂድ። የወንጌላውያን አማኝ ከሆነም የሚያምነውን መጋቢ ወይም ወንድም ይፈልግ። ግን ከተበዳዩ ሰው ዘንድ መሄዱ አይቅር።

ሁለተኛው ክስ አድራሻ የለውም። «ምን አጠፋሁ?» ብትሉት አይመልስም። «አንተ ከንቱ ነህ፣ አይሰማህም» ብቻ ይላል። የተናዘዛችሁትን ደግሞ ደጋግሞ ያመጣል። የዚህ ዓይነቱን ክስ አትከራከሩት። «እግዚአብሔር ከልቤ ይበልጣል» ብሎ ማለፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። አንዳንድ ሰው ያው የስድብ ሐሳብ በቀን መቶ ጊዜ እየመጣበት፣ ጸሎቱን «አልተስተካከለም» እያለ ከመጀመሪያው እየደገመ ይሰቃያል። ይህ ብዙ ጊዜ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ጸበሉንም ጸሎቱንም ሳይተው ሐኪም ቢያይ እምነቱን አይቀንስበትም።

ስሜቱ ባይመጣስ?

ጆን ዌስሊ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ነው። በ1728 ቅስና ተቀብሏል። በ1736 መጀመሪያ በመርከብ ወደ አሜሪካ ጆርጂያ ለስብከት ሲሄድ ከባድ ማዕበል ተነሳ። እንግሊዞቹ ይጮሁ ጀመር። ሞራቪያውያን የሚባሉት ጀርመናውያን ክርስቲያኖች ግን መዝሙራቸውን አላቋረጡም። በኋላ አንዱን «አልፈራችሁም?» ብሎ ጠየቀው። አልፈራንም፣ ሴቶቻችንና ልጆቻችንም ሞትን አይፈሩም አለው። ዌስሊ ቄስ ሆኖ ሳለ እሱ ሞትን እንደሚፈራ በዚያ ጉዞ አወቀ። በ1738 ግንቦት 24 በለንደን አንድ ስብሰባ ላይ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መግቢያ ሲነበብ ልቡ ሞቀ። ክርስቶስ የእኔንም ኃጢአት እንዳስወገደ ተማመንኩ ብሎ ጻፈ። (ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን የምወደው ቀጣዩን ነው። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በ1739 ጥር፣ ያው ሰው በማስታወሻው ላይ እኔ ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ ጽፏል። ሙቀቱ ሄዷል። ስብከቱን ግን አላቆመም፤ እስከ 1791 እስኪሞት ሰበከ። ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል። መጋረጃው ግን ስሜታችን በቀዘቀዘ ቁጥር ተመልሶ አይሰፋም።

ማዘዝ አይደለም

በዚህ ዘመን ደግሞ በሌላው በኩል መውደቅ በዝቷል። ድፍረት ማለት እግዚአብሔርን ማዘዝ የመሰላቸው አሉ። «ቪዛው ይገባኛል፣ አሁኑኑ!» ይባላል። ድምፅ ይጨምራል። ካልሆነ ደግሞ «እምነትህ ጎድሎ ነው» ተብሎ በተሰበረው ሰው ላይ ሌላ ሸክም ይጫናል። ይህን ሳይ ያመኛል። ዮሐንስ «በእርሱ ዘንድ ያለን ድፍረት ይህ ነው» ብሎ ሲያብራራ «እንደ ፈቃዱ አንዳች ብንለምን ይሰማናል» ነው ያለው። ጳውሎስ ሥጋውን የሚያሠቃየው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተወሰደለትም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «አባ» ብሎ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ አላለፈም። የጳውሎስ እምነት ጎደለ የሚል ማነው? ሠለስቱ ደቂቅም እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ያድነናል አሉ፤ ቀጥለውም «እርሱ ባያድነን» እንኳ አንሰግድም አሉ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት።

ሁሉን መናገር ሲባል ቅሬታንም ይጨምራል። መዝሙር 13 «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። መዝሙር 88 ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ምንም የመጽናኛ ቃል ሳይኖረው ያልቃል። ያም ሆኖ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ገብቷል፤ ሰው በየዕለቱ እንዲደግመው። ሐዘን ቤት ውስጥ «ተመስገን በል» እየተባለ አፉ የተዘጋ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ማጉረምረም ኃጢአት ነው ብለን ስንፈራ የኖርነው ግማሹ ጸሎት ነበር።

ቦታም አያግደውም። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አሉ። ሌሊት፣ ወጥ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በብርድ ልብስ ውስጥ ይጸልያሉ። የሚሳለሙት በር የላቸውም። ዮናስም የጸለየው ከዓሣ ሆድ ነው፣ ያውም ከእግዚአብሔር ሸሽቶ ሲሄድ ተይዞ። ተሰማ።

አማላጅነትን በተመለከተ አብያተ ክርስቲያናት እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ እዚህ አልፈታውም። ቅዱሳንን ይዞ የሚቀርበውም ቢሆን ግን በየቀኑ «አቡነ ዘበሰማያት» የሚለው በገዛ አፉ ነው። ያቺን ቃል ማንም ተክቶ አይልለትም።

ጓደኛዬን ባለፈው ወር አገኘሁት። ስለዚህ ነገር ብዙ ተጨዋውተን ነበር። «እንዴት ነው፣ ገባህ?» አልኩት። ፈገግ አለ። «እስከ ዋርካው ድረስ» አለኝ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴው ሲጀመር ከበሩ ገብቶ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ቆሞ ነበር። «አባታችን ሆይ» ሲባል አብሮ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቅሶ ነው የጨረሰው። በሚቀጥለው እሁድ አብሬው ልሄድ ተቀጣጥረናል።